ቆሻሻው እስከ የት ይጓዝ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ ዑደታዊ ኢኮኖሚ፣ ማለትም አንድ ዕቃ አገልግሎቱን ሲጨርስ ከመጣል ይልቅ ለሌላ ምርት ግብዓት ሆኖ እንዲመለስ ስለሚያደርገው አሠራር አጠር ያለ ጽሑፍ አውጥተን ነበር። ከዚያ ወዲህ ከሐዋሳና ከአካባቢዋ የደረሱን ደብዳቤዎች በአብዛኛው የሚጠይቁት ስለ አፈጻጸሙ ነው። ከተሞች፣ ክልሎችና አገሮች «ተባብረው ይሥሩ» ሲባል ማን ከማን ጋር፣ ምኑን፣ በማንስ ወጪ ይሠራል? ተመሳሳይ የሆኑትን ጥያቄዎች አጣምረን የሚከተሉትን መርጠናል።

ጥያቄ፦ በሐዋሳ ታቦር ክፍለ ከተማ ቤት ለቤት ደረቅ ቆሻሻ የሚሰበስብ ማኅበር አባል ነኝ። ከምንሰበስበው ውስጥ ሀይላንድ፣ ጀሪካንና ካርቶን እየለየን እናስቀምጣለን። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ገዢ ግን መጋዘናችን ሞልቶ ካልደወልንለት አይመጣም፤ ሲመጣም የመኪናውን ነዳጅ ከዋጋችን ላይ ይቀንሳል። በሻሸመኔና በዲላ ያሉ የሙያ ጓደኞቻችንም ችግራቸው ያው ነው። ስለ ክልሎች ትብብር በሚዘጋጁ ስብሰባዎች ላይ እየተጠራን፣ አበል እየተቀበልን፣ ሰነድ ሲፈረም አጨብጭበን እንመለሳለን፤ መጋዘናችን ግን እንደነበረ ነው። ሦስቱ ማኅበራት በራሳችን ብንተባበር ያዋጣናል? ከምንስ እንጀምር?

መልስ፦ ያዋጣችኋል፤ መጀመር ያለባችሁ ግን ከሚዛኑና ከመኪናው ነው። ገዢው ዋጋ የሚቆርጠው ለጭካኔ ብቻ እንዳልሆነ በቁጥር ማየት ይቻላል። ግማሽ ሊትር የሚይዝ የውኃ ጠርሙስ ከ10 እስከ 20 ግራም ገደማ ስለሚመዝን አንድ ኪሎ ለመሙላት ከ50 እስከ 100 ጠርሙስ ያስፈልጋል። ጠርሙሱ አየሩን እንደያዘ በማዳበሪያ ታጭቆ ኤፍኤስአር ላይ ቢጫን፣ 50 ኩንታል የሚሸከመው መኪና እስከ አናቱ ተቆልሎ እንኳ 10 ኩንታል መሙላት ይቸግረዋል። ስለዚህ ከሐዋሳ እስከ አዲስ አበባ ባለው 275 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ላይ አብዛኛው ነዳጅ የሚቃጠለው አየር ለማጓጓዝ ነው፤ የአየሩንም ኪራይ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ።

ይህን የሚፈታው የመጭመቂያ ማሽን ነው። ጠርሙሱ በማሽን ተጨምቆ በሽቦ ሲታሰር ያው መኪና የበፊቱን ብዙ እጥፍ ይጭናል፤ ገዢውም ሙሉ ጭነት ሲያገኝ ለድርድር ይቀመጣል። ችግሩ አንድ ማኅበር ብቻውን የሚሰበስበው ጠርሙስ ማሽኑን ከሳምንቱ ውስጥ ለጥቂት ሰዓታት እንጂ ሙሉ ቀን የማያሠራ መሆኑ ነው። ቆሞ የሚውል ማሽን ደግሞ ዕዳ ነው። የሦስት ከተሞች ትብብር ትርጉም የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው፤ ማሽኑ የጋራ፣ ጭነቱ የጋራ፣ ከገዢው ጋር የሚደረገውም ውል የጋራ ይሁን።

ሻሸመኔ ከሐዋሳ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የምትርቅና ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች በመሆኗ ከሐዋሳ ጋር ለመጣመር ምቹ ናት። ዲላ ግን ወደ ደቡብ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ያልተጨመቀ ጠርሙስ ከዲላ ሐዋሳ ድረስ ማምጣት ያንኑ የአየር ኪራይ በአጭር ርቀት መድገም ነው። የዲላዎቹ ማሽን እስኪገዙ ድረስ ክዳኑን ፈትተው፣ ጠርሙሱን በእግር ረግጠው አየሩን ካስወጡ በኋላ መልሰው ቢከድኑት በአንድ ማዳበሪያ የሚገባው መጠን በግልጽ ይጨምራል። ሥራው አሰልቺ መሆኑን አንክድም፤ ነገር ግን ወጪ የለውም። ገዢያችሁ የተረገጠ ጠርሙስ የሚቀበል መሆኑን ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

እግረ መንገዳችንን አንድ ነገር እናንሣ። የሦስታችሁ ከተሞች በ115 ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ ሦስት ክልሎች ውስጥ ይገኛሉ፦ ሻሸመኔ በኦሮሚያ፣ ሐዋሳ በሲዳማ፣ ዲላ በደቡብ ኢትዮጵያ። የሲዳማ ክልል በሰኔ 2012 ዓ.ም. ከመመሥረቱ በፊት ሐዋሳና ዲላ በአንድ ክልል ሥር ነበሩና በአንድ ቢሮ ደብዳቤ የሚያልቅ ጉዳይ ዛሬ ሁለት፣ ከሻሸመኔ ጋር ሲሆን ሦስት ቢሮ ያስኬዳል። ስለዚህ «በክልሎች መካከል የሚደረግ ትብብር» የሚለው ለእናንተ የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው። ቢሮዎቹ የሚፈራረሙትን ሰነድ መጠበቅ ግን አያስፈልጋችሁም፤ ማኅበራት እንደ ማንኛውም ነጋዴ እርስ በርስ ውል መዋዋል ይችላሉና።

ውሉ ውስጥ ስለ አካባቢ ጥበቃ ፋይዳ ረጅም መግቢያ አትጻፉ። የብዙ ማኅበራት ሽርክና የሚፈርሰው በሚዛን ነው፤ በሻሸመኔ 8 ኩንታል ተብሎ የተጫነው ሐዋሳ ሲደርስ 7 ኩንታል ተኩል ሲሆን «ጎደለ» የሚለው ጠብ ይጀምራል። ስለዚህ የማን ሚዛን የመጨረሻ እንደሆነ፣ እርጥብ ጠርሙስ ምን ያህል እንደሚቀነስበት፣ ማዳበሪያው ውስጥ አሸዋ ወይም ድንጋይ ቢገኝ ማን እንደሚጠየቅ፣ የመብራቱንና የሽቦውን ወጪ ማን በምን ስሌት እንደሚሸፍን፣ ገንዘቡም ከገዢው በገባ በስንት ቀን እንደሚከፋፈል በግልጽ ይጻፍ። የዘይት ጠርሙስ ለብቻ ይቀመጥ፤ ጥቂት ቅባት የሙሉ ጭነት ዋጋ ያወርዳልና። ነጩ ከባለ ቀለሙ ይለይ። ክዳኑና ጠርሙሱ ከተለያየ ፕላስቲክ የሚሠሩ ቢሆኑም ክዳኑ ብዙ አያስጨንቃችሁ፤ ፋብሪካው ፈጭቶ ውኃ ውስጥ ሲጨምረው የክዳኑ ፍርፋሪ ይንሳፈፋል፣ የጠርሙሱ ይሰጥማል፤ መለያየቱም በዚያው ያልቃል።

ስለ ዋጋም አስቀድማችሁ እወቁ። የአሮጌ ጠርሙስ ዋጋ የሚወሰነው በእናንተ ድካም ሳይሆን በዋናነት በአዲሱ ፕላስቲክ ዋጋ ነው፤ እርሱም ከነዳጅ ዘይት የሚሠራ በመሆኑ የዓለም የነዳጅ ዋጋ ሲወርድ የእናንተም ኪሎ ይወርዳል። ሦስታችሁ በጋራ ስትሸጡ ከትርፉ ላይ ለዚህ ዓይነቱ ክፉ ወቅት የሚቀመጥ ተቀማጭ ብትይዙ፣ ዋጋ በወረደ ቁጥር ሠራተኛ ከመበተን ትድናላችሁ።

ትብብሩ አዲስ ነገር ለሚመስላቸው አባሎቻችሁ የቢራና የለስላሳን ሳጥን አሳዩአቸው። ከፋብሪካ ሙሉ ሳጥን ጭኖ ዲላ የደረሰው መኪና ባዶ ጠርሙስ ጭኖ ይመለሳል፤ ግሮሰሪው ለጠርሙሱ ማስያዣ ስለከፈለ አንድም እንዲሰበርበት አይፈልግም፤ የክልል ወሰንም ሳጥኑን አስቁሞት አያውቅም። ይህ አሠራር ስሙ ዑደታዊ ኢኮኖሚ ሳይባል ለብዙ አሥርት ዓመታት በአገራችን ሠርቷል። የውኃ ፋብሪካዎች መኪኖች ግን ሀይላንድ አራግፈው ብዙ ጊዜ ባዶአቸውን ይመለሳሉ፤ ለጠርሙሱ ማስያዣ የከፈለ ሰው የለምና። የተጨመቀውን ጠርሙስ በመልስ ጉዞ ርካሽ ኪራይ መጫን ይቻል እንደሆነ በየከተማችሁ ያሉትን አከፋፋዮች አነጋግሩ። ወሳኙ መንገድ ይህ ይመስለናል፤ ከማሽኑም ይቀድማል ብንል ማጋነን አይሆንም።

አንድ ማሳሰቢያ ጨምረን እናልፋለን። በየሰፈሩ የሚዞሩትን ቁራሌዎችና ልዋጮች እንደ ተፎካካሪ አትቁጠሯቸው። የተሻለውን ዕቃ ከእናንተ ቀድመው የሚያገኙት እነርሱ ናቸው፤ በመጋዘናችሁ በር ላይ የዕለቱን የኪሎ ዋጋ ጽፋችሁ ለጥፉና ወዲያው ክፈሏቸው፣ ዕቃው ራሱ እየመጣ ይራገፋል። ስለ ትብብር በተዘጋጁ ስብሰባዎች ላይ አንድም ቁራሌው ሲጠራ አለማየታችን ሁልጊዜ ይገርመናል።

ጥያቄ፦ ከሻሸመኔ ወደ ሐዋሳ ለይተን ያሰርነውን ፕላስቲክ ስንጭን ኬላ ላይ «ቆሻሻ ወደዚህ ክልል ማስገባት አይቻልም» ተብለን ተመልሰናል። ሕጉ በእርግጥ ይከለክላል?

መልስ፦ በደፈናው የሚከለክል ሕግ የለም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ከክልል ወደ ክልል ስለሚጓጓዝ ደረቅ ቆሻሻ ሲደነግግ ያተኮረው በአስተሻሸጉና በአጓጓዙ፣ እንዲሁም ተቀባዩ ክልል ዕቃውን መልሶ ለመጠቀም ወይም በአግባቡ ለማስወገድ አቅም ያለው በመሆኑ ላይ ነው። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በዚሁ ጉዳይ ላይ አዲስ አዋጅ ስላጸደቀ ግልባጩን ከከተማችሁ የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ወስዳችሁ ከአሠራራችሁ ጋር አገናዝቡት።

የኬላው ሠራተኛ ግን አዋጅ አያነብም፤ የሚያየው ጭነት ነው። የተለየ፣ የደረቀና በሽቦ የታሰረ ፕላስቲክ ለዓይንም ሸቀጥ ይመስላል፤ ከማዳበሪያ ውስጥ የሚንጠባጠብ ጭነት ግን ምንም ሰነድ ቢኖረው ቆሻሻ ነው። ሾፌሩ የመጫኛ ሰነድ፣ የሚዛን ወረቀትና ከተቀባዩ ማኅበር የተጻፈ ደብዳቤ ይያዝ። የሁለቱ ከተሞች ጽዳት ጽሕፈት ቤቶች እርስ በርስ የሚተዋወቁበት አንድ ገጽ ደብዳቤ ቢጻጻፉ ደግሞ እንደ እናንተ ላሉ ሁሉ ችግሩ ይቃለላል፤ ይህ የበጀት ጥያቄ የሌለው ትብብር ነው።

ጥያቄ፦ በአለታ ወንዶ አካባቢ የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ አስተዳድራለሁ። በመከር ወቅት የሚከመረው የቡና ልጣጭ ሽታውና ዝንቡ ጎረቤት ያስለቅሳል፤ ወደ ወንዙም ይንጠባጠባል። ልጣጩን በመኪና ወደ ሐዋሳ ወስደን ከከተማው የምግብ ትርፍራፊ ጋር በአንድ ትልቅ ማዕከል ኮምፖስት እንዲሆን የሚያስችል የጋራ ፕሮጀክት ይዘጋጅ የሚል ሐሳብ ቀርቦልናል። ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ እኛ አንመክርም። ምክንያቱን ዘርዘር አድርገን እንግለጽ፤ በዚህ ዙሪያ ብዙ ገንዘብ ሲባክን ይታያልና።

ከእሸት ቡናው ክብደት 40 በመቶ ያህሉ ልጣጭ ነው። ጣቢያዎ በአንድ የመከር ቀን 100 ኩንታል እሸት ቢቀበል 40 ኩንታል ያህል ልጣጭ ከመፈልፈያው ሥር ይወጣል ማለት ነው። ከዚያ ውስጥ ደግሞ ሦስት አራተኛው ወይም ከዚያ በላይ ውኃ ነው። ሐዋሳ ድረስ የሚከፈለው ኪራይ ለውኃ የሚከፈል ይሆናል፤ በዚያ ላይ ኮምፖስቱ ሲዘጋጅ የሚፈልገው መሬት ያው ልጣጩ የወጣበት የአለታ ወንዶ የቡናና የእንሰት ማሳ ስለሆነ መልሶ የማምጫ ኪራይ አለ። ለመጀመሪያው ጠያቂያችን ሦስት ከተሞችን ያስተባበረው ምክንያት እዚህ ላይ በተቃራኒው ይሠራል። ከማን ጋር መተባበር እንደሚገባ የሚወስነው ዕቃው ሳይበላሽና ኪራዩን ሳይበላ የሚጓዘው ርቀት ነው፤ የተጨመቀ ጠርሙስ 300 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ያተርፋል፣ እርጥብ ልጣጭ ከግቢው በር ሳያልፍ ይከስራል።

ስለዚህ ልጣጩ ባለበት ይሠራ። ለብቻው ከተከመረ አየር ስለማይገባው ይገማል እንጂ አይብላላም። በመካከሉ አየር የሚያስገባ ደረቅ ነገር ያስፈልገዋል፤ የደረቀ የእንሰት ቅጠል፣ የበቆሎ አገዳ፣ የጤፍ ወይም የስንዴ ገለባ፣ ወይም ከደረቅ ቡና መፈልፈያ የሚወጣ ገለፈት ይሆናል። ጥቂት የከብት እበት ሲታከልበት ሥራው ይፈጥናል። ክምሩ ሰው ወገብ ያህል ከፍ ይበል፤ ከዚያ ካነሰ ሙቀት አይዝም። በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ከውስጡ 55 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድና ከዚያ በላይ ሙቀት መታየት አለበት፤ የአረም ዘርና የበሽታ ተሕዋስያን የሚሞቱት በዚህ ሙቀት ነው። ቴርሞሜትር ከሌለ ረዘም ያለ ብረት እስከ መሐል ወግተው ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይንኩት፤ ጨብጠው ማቆየት ካቃተዎት ክምሩ በመልካም ሁኔታ ላይ ነው፤ ለብ ያለ ብቻ ከሆነ ወይ ደርቋል፣ ወይ ረጥቦ ታፍኗል። እርጥበቱን ለማወቅ አንድ እፍኝ ወስደው ጭምቅ ያድርጉት፤ ጣትዎ መካከል ጤዛ ታይቶ ካልፈሰሰ ልክ ነው። በየሳምንቱ ሲገለባበጥ በሦስትና በአራት ወር መሬት መሬት የሚሸት ጥቁር ማዳበሪያ ይሆናል።

ክምሩ ከወንዙ ይራቅ፤ ዙሪያውም ትንሽ ቦይ ይቆፈርለት። ከልጣጩ የሚንጠፈጠፈውና ቡናው የታጠበበት ውኃ ኮምጣጣ ከመሆኑም በላይ ወንዝ ውስጥ ሲገባ የውኃውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል። ይህን ውኃ በተከታታይ ጉድጓዶች አሳርፎ በቬቲቨር ሣር መካከል ቀስ ብሎ እንዲያልፍ ማድረግ በአገራችን የማጠቢያ ጣቢያዎች የተለመደ ዘዴ ነው።

ይህ ማለት ግን ትብብር አያስፈልግም ማለት አይደለም፤ የሚጓዘው ሌላ ነገር ይሁን ማለት ነው። የአገዳ መቆራረጫ ማሽን አንዱን ለአራትና ለአምስት ጎረቤት ጣቢያዎች በተራ ማዞር ይቻላል። የኮምፖስቱ ናሙና ወደ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተልኮ ቢመረመር፣ ገበሬው የሚገዛውን ነገር በቁጥር ያውቃል። የጌዴኦ ጣቢያዎች ችግር ከእናንተ የተለየ ስላልሆነ የሁለቱ አካባቢ ሠራተኞች በመከር ወቅት አንዱ ሌላው ጋ ሄዶ ቢያይ ከአዳራሽ ሥልጠና ይልቅ ይጠቅማል። ለፕሮጀክቱ የታሰበው ገንዘብ ካለ ለመኪና ሳይሆን ለዚህ ይዋል።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ አሞራ ገደል በአሣ ገበያው አጠገብ ነው የምሠራው። በየቀኑ የሚጣለው የአሣ ጭንቅላትና አንጀት ለዶሮ መኖ ይሆናል ሲባል እሰማለሁ። ለቢሾፍቱ ዶሮ አርቢዎች መሸጥ እንችላለን?

መልስ፦ እርጥቡን አይደለም። ቢላዋ የነካው ቆሮሶ ወይም አምባዛ ቅሪት በሐዋሳ ፀሐይ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይበላሻል፤ በረዶ የሌለው መኪና ቢሾፍቱ ሳይሆን ዝዋይም አያደርሰውም። መንገድ ሊሄድ የሚችለው እዚያው ተቀቅሎ፣ ዘይቱና ውኃው ተጨምቆ፣ ደርቆና ተፈጭቶ ዱቄት ሲሆን ነው። ዱቄቱ ይጓዛል፣ ገዢም አለው። በየዕለቱ የሚገኘው ቅሪት ግን መጠኑ በአሣው መያዝና በጾም ወቅት በእጅጉ ስለሚለዋወጥ፣ በመጀመሪያ የአንድ ወር ቅሪት በየቀኑ እየመዘናችሁ መዝግቡና ከዚያ ስለ ማሽን እንነጋገር። ትልልቆቹ ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹም፣ ድርሻቸው አይቀርም፤ ገበያው ሲከፈት ቀድመው የሚሰለፉት እነርሱ ናቸው።

ጥያቄ፦ በልብስ ስፌት ተመርቄ ከጓደኞቼ ጋር ተደራጅተናል። ከሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚወጣውን ብጣሽ ጨርቅ ወስደን ምንጣፍ፣ ትራስና የጋራዥ መጥረጊያ ለመሥራት አስበናል። ፋብሪካዎቹ «ቢሮክራሲ አለው» እያሉ አይሰጡንም። እንዴት እናድርግ?

መልስ፦ ፋብሪካዎቹ ዋሽተው ላይሆን ይችላል። ለውጭ ገበያ የሚያመርት ፋብሪካ ጨርቁን የሚያስገባው ከቀረጥ ነፃ ነው፤ ስለዚህ ከመቀስ ሥር የወደቀው ብጣሽ እንኳ የጉምሩክ ቁጥጥር ስላለበት ያለ ፈቃድ ከአጥር ውጭ ቢወጣ ተጠያቂነት ያመጣል። አንድ ወጣት ማኅበር አንዱን ፋብሪካ እየለመነ ፈቃድ ከሚያወጣ ይልቅ የፓርኩ አስተዳደር፣ ጉምሩክና የከተማው የሥራና ክህሎት መምሪያ ተቀምጠው ለብጣሽ ብቻ የሚሆን ቋሚ አሠራር ቢያበጁ ይሻላል፤ ጥያቄያችሁንም በዚያ መልክ አቅርቡት። ከአዳማ የኢንዱስትሪ ፓርክ አካባቢ ተመሳሳይ ጥያቄ ያላቸው ወጣቶች ካሉ ደብዳቤውን አብራችሁ ጻፉ፤ ጉምሩክ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ስለሆነ ከሁለት ከተማ የመጣ አንድ ጥያቄ ክብደት ይኖረዋል።

እስከዚያው በጨርቁ ላይ ዕውቀታችሁን አዳብሩ። ከብጣሹ አንድ ክር መዛችሁ በክብሪት ለኩሱት፤ ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ተቃጥሎ ለስላሳ አመድ ይተዋል፣ ፖሊስተር ከሆነ ቀልጦ ሲቀዘቅዝ ጠንካራ ጥቁር እንክብል ይሆናል። ለጋራዥ መጥረጊያ የሚፈለገው ዘይት የሚመጠው ጥጡ ነው፤ ፖሊስተሩ ለትራስ መሙያ ይሁን። ሁለቱን ቀላቅሎ መሸጥ ደንበኛን በአንድ ጊዜ ያጠፋል።

በአንድ ምንጭ ላይ ብቻ ግን አትመሥርቱ። ፓርኩ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ተስፋው ትልቅ ነበር፤ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል ከታህሳስ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ስታስወጣ ግን ፋብሪካዎች ሥራ ቀንሰዋል፣ ጥለው የወጡም አሉ። ፋብሪካ ሲያነጥስ ብጣሽ ለቃሚው ይታመማልና የከተማውን ልብስ ሰፊዎችና የቦንዳ ነጋዴዎችም ከአሁኑ በአቅራቢነት ያዙ።

ጥያቄ፦ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ስለ ፌስታል ክልከላ ለተማሪዎቼ ሳስተምር «ጎረቤቶቻችን ምን አደረጉ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። የጎረቤት አገሮች ትብብር ለሐዋሳ ምን ይፈይዳል? የአሮጌ ባትሪና ስልክ ጉዳይስ?

መልስ፦ ሩዋንዳ ፌስታልን የከለከለችው በአውሮፓውያኑ 2008 ነው፤ ኬንያ በነሐሴ 2017፣ ታንዛኒያ በሰኔ 2019 ተከትለዋል። ከኬንያ የምንማረው ዋናው ነገር የቅጣቱ ክብደት አይደለም፤ ክልከላው ከወጣ በኋላ ፌስታሉ ከጎረቤት አገሮች በኮንትሮባንድ መግባት መጀመሩ ነው። አንዱ አገር ዘግቶ ሌላው ከከፈተ ዕቃው ቀላልና ርካሽ ስለሆነ ድንበር አይበግረውም። እኛም በ2017 ዓ.ም. በጸደቀው አዋጅ ስለከለከልን ይህ ጉዳይ በሞያሌ በኩል መታየቱ አይቀርም። ሩዋንዳ፣ ናይጄሪያና ደቡብ አፍሪካ በአውሮፓውያኑ 2017 የመሠረቱት የአፍሪካ የዑደታዊ ኢኮኖሚ ጥምረት ከሚሠራቸው ጉዳዮች አንዱ የየአገሩን ደንብ ማቀራረብ ነው፤ ለሐዋሳ ሱቅ ደግሞ ከዚህ የሚደርሰው ጥቅም ደንቡን ያከበረው ነጋዴ ደንቡን በጣሰው እንዳይቀደም ማድረጉ ነው።

ለተማሪዎችዎ ግን ከኪጋሊ ይልቅ ሐይቁን ቢያሳዩአቸው ይገባቸዋል። የሐዋሳ ሐይቅ በጥቁር ውኃ ወንዝ በኩል ውኃ ይቀበላል እንጂ ወደ ውጭ የሚፈስስበት ወንዝ የለውም። ዝናብ ጠርጎ ያስገባው ፌስታል መውጫ እንዳለው ሐይቅ ወደ ታች ተጉዞ የሌላ ሰው ችግር አይሆንም፤ እዚያው ይኖራል። የተፋሰሱ ከፊል ደግሞ በኦሮሚያ ክልል ውስጥ ስለሆነ የሐዋሳ ጽዳት ብቻውን ሐይቁን አይጠብቅም። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ተፋሰስ ጽሕፈት ቤት መቀመጫው እዚሁ ሐዋሳ ነው፤ ተማሪዎችዎን ወስደው የተፋሰሱን ካርታ ቢያስጎበኟቸው የአንድ ክፍለ ጊዜ ትምህርት ይወጣዋል።

ባትሪና ስልክ ከላይ ካነሣናቸው ሁሉ የሚለዩት ጉዞአቸው በዓለም አቀፍ ሕግ የታሰረ በመሆኑ ነው። በባዝል ስምምነት መሠረት አደገኛ ቆሻሻ ድንበር የሚሻገረው ተቀባዩ አገርና የሚያልፍባቸው አገሮች አስቀድመው በጽሑፍ ሲፈቅዱ ብቻ ነው፤ በአውሮፓውያኑ 1991 የተፈረመው የባማኮ ስምምነት ደግሞ አደገኛ ቆሻሻ ከአፍሪካ ውጭ ወደ አህጉሩ እንዳይገባ ይከለክላል። ኢትዮጵያ የሁለቱም አባል ናት፤ በአገር ውስጥም በ2010 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1090 አደገኛ ቆሻሻን ይገዛል። እያንዳንዱ ከተማ የባትሪ ማቅለጫ ያቋቁም የሚለውን ሐሳብ ስለዚህ አንደግፍም፤ እርሳስ በጓሮ ማቅለጥ የሰፈሩን ሕፃናት አእምሮ ይጎዳል። ለምሥራቅ አፍሪካ ጥቂት በሚገባ የተሠሩ ማዕከሎች ይበቃሉ፤ የከተሞች ድርሻ በደኅና ሰብስቦ ማድረስ ነው።

ትምህርት ቤትዎ የመሰብሰቢያ ቦታ መሆን ከፈለገ በስልክና በትናንሽ ባትሪ ይወሰን። ያበጠ የስልክ ባትሪ ከሌሎቹ ተለይቶ ደረቅ አሸዋ ባለበት የብረት ዕቃ ውስጥ፣ ከመማሪያ ክፍል ርቆ ይቀመጥ፤ ተማሪ እንዳይወጋው ወይም እንዳይፈታው ይነገረው። የመኪና ባትሪ ይዞ የሚመጣ ወላጅ ካለ አሲዱን ሳያፈስስ፣ ባትሪውን ቀጥ አድርጎ እንደቆመ ወደ ገዛበት የባትሪ ነጋዴ እንዲመልሰው ይንገሩት፤ አብዛኞቹ ነጋዴዎች አሮጌውን ተቀብለው ከአዲሱ ዋጋ ላይ ይቀንሳሉ።